የድሮ የታይዋን ትሮውለር ጀልባ ከመግዛታችሁ በፊት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሲያትል፣ ሳንዲያጎ ወይም ፍሎሪዳ ያሉ ማሪናዎች (የጀልባ ማቆሚያዎች) ውስጥ ዞር ዞር ካላችሁ ትሮውለር የሚባሉትን፣ የዓሣ አጥማጅ ጀልባ ቅርጽ ያላቸውን እነዚህን የመዝናኛ ጀልባዎች ታውቋቸዋላችሁ። አፍንጫቸው ከፍ ያለ ነው፣ ጣሪያቸው ላይ ሁለተኛ መሪ አላቸው፣ ውስጣቸው በቲክ እንጨት የተለበጠ ነው፣ ሲሄዱም አይቸኩሉም። ብዙዎቹ በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ታይዋን ውስጥ ተሠርተው አሜሪካ የገቡ ናቸው (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ዋጋቸው ከአዲስ ጀልባ ጋር ሲነጻጸር በጣም ስለሚወርድ ያያቸው ሰው ልቡ ይሄዳል። ሲያትል አካባቢ ያሉ የኛ ሰዎችም ይጠይቁኛል። በብዛት የሚመጡትን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስቤ መልሻለሁ።

የታይዋን ሥራ ሲባል ጥራቱ ዝቅተኛ ነው ማለት ነው?

አይደለም። ግን ወሬውም ዝም ብሎ አልተፈጠረም።

በዚያን ጊዜ ታይፔ አካባቢና ካኦሽዩንግ ውስጥ ብዙ ጀልባ ሠሪዎች ነበሩ። ትልቅም ትንሽም ነበሩ። አሜሪካ ያለው አስመጪ ንድፉን ይሰጣል፣ ሞተሩን ያመጣል፣ የራሱን ስም ይለጥፋል፣ ቀሪው ሥራ እዚያ ያልቃል። ስለዚህ አንድ ዓይነት ጀልባ በተለያየ ስም ይሸጥ ነበር። በአንድ ስም የሚሸጡ ጀልባዎችም ከተለያየ ሠሪ ሊመጡ ይችሉ ነበር። ጥራቱን የሚወስነው አስመጪው ሥራው ቦታ ላይ ቆሞ የሚቆጣጠር ሰው ነበረው ወይ የሚለው ነው። ተቆጣጣሪ ያለበት ጀልባ ዛሬም አንጀት ያርሳል። ተቆጣጣሪ የሌለበት ላይ ደግሞ ከውጭ የማይታየው ቦታ ሁሉ፣ ማለትም የሽቦው አወጣጥ፣ ከጣሪያው ልባስ ጀርባ ያለው እንጨት፣ ታንኩ የተቀመጠበት ጣውላ፣ እንደነገሩ ተሠርቶ ታገኙታላችሁ።

ጊዜውም ለውጥ አለው። በ1980ዎቹ ውስጥ ሥራው እየተሻሻለ ሄዷል። ታይናን ያለው ታ ሺንግ ከዓለም ጥሩ ጀልባ ሠሪዎች ጋር ስሙ የሚነሳ ነው። ከ1985 በኋላ ግን የታይዋን ገንዘብ ከዶላር አንጻር ጠነከረ፣ ጀልባውም ተወደደ። ከዚያ ደግሞ አሜሪካ በ1991 ከ100,000 ዶላር በላይ በሚያወጡ ጀልባዎች ላይ፣ ከዚያ በላይ ባለው ዋጋ 10 በመቶ የቅንጦት ግብር ጣለች። ግብሩ በ1993 ቢነሳም ርካሽ ትሮውለር በገፍ የሚገባበት ዘመን በዚያው አለፈ። ዛሬ የምታዩት ከዚያ ዘመን የተረፈውን ነው።

እሺ፣ ከስሞቹ የትኛው ይሻላል?

ግራንድ ባንክስ ብዙ ጊዜ ከታይዋኖቹ ጋር ይቆጠራል እንጂ የታይዋን ሥራ አይደለም። አሜሪካን ማሪን የሚባለው ኩባንያ መጀመሪያ ሆንግ ኮንግ፣ በኋላ ሲንጋፖር ውስጥ ሠርቶታል። አሠራሩ ወጥ ስለሆነ ዋጋውን ይዞ ቆይቷል። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ እስከ 1973 ድረስ የተሠሩት የእንጨት ናቸው። የእንጨት ጀልባ ሌላ ዓለም ነው፣ ፍቅሩ ከሌላችሁ አትግቡበት።

ማሪን ትሬደርና ሲኤችቢ ብዛት ያላቸው፣ ርካሽ፣ ከጀልባ ጀልባ በጣም የሚለያዩ ናቸው። አርተር ዲፊቨር የነደፋቸው ከበድ ያሉና ሞተር ክፍላቸው ሰፊ ነው። ጄምስ ክሮገን የነደፈው ካዴይ ክሮገን 42 ረጅም ባሕር ለመሄድ የታሰበ ጀልባ ነው፣ እኔ በጣም እወደዋለሁ። አይላንድ ጂፕሲም የታይዋን ሥራ ባይሆንም ጥሩ ስም አለው።

ይህን ሁሉ ብዬ ግን ስሙ ሁለተኛ ነገር ነው እላለሁ። ዕድሜው 40 ዓመት ሲያልፍ ማን እንደሠራው ሳይሆን ማን እንደያዘው ይበልጣል። ጣሪያ ሥር ቆሞ፣ ቀዳዳው እየተደፈነ የኖረ ማሪን ትሬደር ለ10 ዓመት ዝናብ ላይ ከተረሳው ግራንድ ባንክስ ይሻላል። ስለዚህ ስለ ጀልባው የምትጠይቁት ዋናው ጥያቄ አንድ ነው፦ ውሃው በየት ገብቷል?

መጀመሪያ ምኑን ልይ?

ደኩን፣ ማለትም ከጀልባው ቤት ውጭ የምትራመዱበትን ወለል። መልሱ አጭር ነው፣ ምክንያቱ ግን ረዘም ይላል።

የእነዚህ ጀልባዎች ደክ እንደ ሳንድዊች ነው። ከላይና ከታች ፋይበርግላስ (በሙጫ የደረቀ የመስታወት ክር)፣ መሃሉ እንጨት። እንጨቱ ባልሳ የሚባል ቀላል እንጨት ሊሆን ይችላል፣ ፕላይውድ ሊሆን ይችላል፣ አንዳንዱ ጀልባ ላይ ደግሞ ከሌላ ሥራ የተረፈ ቁርጥራጭ እንጨት በሬዚን (በፋይበርግላሱ ሙጫ) ውስጥ ተደርድሮ ይገኛል። በዚህ ላይ የቲክ ጣውላ ይነጠፍና በቪቴ ይታሰራል። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። እያንዳንዱ ቪቴ የላይኛውን ፋይበርግላስ በስቶ ይገባል፣ አንድ ደክ ላይ ያለው ቪቴ ደግሞ በሺህ የሚቆጠር ነው። ጣውላው አዲስ ሳለ ምንም የለም። ከ20 እና ከ30 ዓመት በኋላ ግን ቲኩ በመፈግፈግና በመላግ ይሳሳል፣ የቪቴውን ራስ የሚሸፍነው ትንሽ የእንጨት ውታፍ ይወጣል፣ በጣውላዎቹ መሃል ያለው ጥቁር መሙያ ይላቀቃል፣ ውሃውም ቪቴውን ተከትሎ ወደ መሃሉ እንጨት ይወርዳል። አንዴ ከገባ መውጫ የለውም። እንጨቱ እዚያው ውስጥ ይበሰብሳል፣ ከላይ ስታዩት ግን ቲኩ አምሮበት ቁጭ ብሏል።

እንዴት ታውቃላችሁ? ጫማ አውልቃችሁ በተረከዛችሁ ጫን እያላችሁ ሂዱ። የሚለሰልስ ወይም ወደ ታች የሚሰጥ ቦታ ካለ ምልክት አድርጉ። ከዚያ በካቻቢቴ እጀታ ወይም ራሱ ፕላስቲክ በሆነ መዶሻ ቀስ እያላችሁ ምቱ። ጤነኛ ቦታ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የበሰበሰው ድምፁ ይታፈናል። ከሁሉ የምወደው ዘዴ ግን ዝናብ ካባራ በኋላ መሄድ ነው። ደኩ ሲደርቅ ቆማችሁ እዩት። አንዳንዱ መስመር ዙሪያው ደርቆ እሱ ብቻ እንደረጠበ ይቆያል። እዚያ ጋ ተከፍቷል።

ወደ ውስጥም ግቡ። ቁም ሳጥኖቹን ክፈቱ፣ ከደኩ ሥር ያለውን ጣሪያ በባትሪ እዩ። ቡናማ የወረደ መስመር፣ ጥቁር ነጠብጣብ፣ የተላጠ ልባስ ካለ ውሃው መንገድ አግኝቷል።

ትንሽ ቦታ ላይ የበሰበሰ ደክ ይጠገናል፣ አትደንግጡ። የጎኑ መሄጃ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከለሰለሰ ግን ቲኩን በሙሉ ማንሳት፣ ፋይበርግላሱን መቁረጥ፣ የበሰበሰውን መጥረግ፣ አዲስ እንጨት ወይም ፎም አስገብቶ እንደገና ማልበስ ነው። ገንዘቡን የሚበላው ዕቃው አይደለም፣ የሰው ጉልበቱ ነው። ራሳችሁ የማትሠሩት ከሆነ ጥገናው ከጀልባው ዋጋ ሊበልጥ ይችላል።

ቀፎው ራሱስ? ውሃ ውስጥ ያለው ክፍል አያሰጋም?

ከሚታሰበው በታች ነው የሚያሰጋው። የዚያን ዘመን ሠሪዎች ፋይበርግላስ አይቆጥቡም ነበር። የብዙዎቹ ቀፎ መሃሉ እንጨት የሌለው፣ ወፍራምና ድፍን ነው። ካዴይ ክሮገን 42 ላይ ግን ጠይቁ፣ ቀደም ያሉት ከውሃ መስመር በታችም መሃላቸው በፎም የተሞላ ነው፣ በኋላ የመጡት ናቸው ድፍን የሆኑት።

ጀልባው ከውሃ ሲወጣ ቀፎው ላይ ውሃ የቋጠሩ እብጠቶች ታዩ ይሆናል። ሲወጉ ጎምዛዛ ሽታ ያለው ፈሳሽ ይወጣቸዋል። ብዙ ገዢ እዚህ ላይ ይደነግጣል። በተን ብለው ያሉ ትናንሽ እብጠቶች ጀልባ አያሰምጡም፣ ተፍቀው፣ ደርቀው፣ ኢፖክሲ በሚባል ጠንካራ ሙጫ ይሸፈናሉ። ዋጋ ለማስቀነስ ጥሩ ምክንያት ናቸው እንጂ ለመሸሽ አይበቁም። እጅ የሚያካክሉና የተነባበረውን ፋይበርግላስ ያለያዩ ከሆኑ ሌላ ነገር ነው።

መስኮቶቹ ያፈሳሉ ይባላል። እውነት ነው?

አዎ፣ በጣም። የእንጨት ፍሬም ያላቸው ተንሸራታች መስኮቶች ናቸው። ውሃ ማስወጫ ቀዳዳቸው በቆሻሻ ሲደፈን ውሃው ወደ ግድግዳው ይወርዳል። የቤቱ ግድግዳ ደግሞ በብዙዎቹ ላይ ፋይበርግላስ የለበሰ ፕላይውድ ነው። የመስኮቱን የታችኛውን ማዕዘን ከውስጥ በኩል በአውራ ጣታችሁ ጫን በሉት። የጠቆረና የሚሰረጎድ ከሆነ ብስባሱ ከምታዩት በላይ ወደ ታች ወርዷል። ሻጩ ዙሪያውን በሲሊኮን ለቅልቆት ከሆነ ማፍሰሱን ያውቅ ነበር ማለት ነው።

የናፍጣ ታንኩን ለምን ሁሉም ያነሳዋል?

ታንኩ ከጥቁር ላሜራ የተሠራ ስለሆነ ነው። ናፍጣ ብረቱን አይጎዳውም፣ እንዲያውም ከውስጥ ይጠብቀዋል። የሚገድለው ከላይ የሚመጣው ውሃ ነው። ናፍጣ የሚሞላበት አፍ ደኩ ላይ፣ ከታንኩ በላይ ነው ያለው። ዙሪያው ሲለቅ የዝናቡ ውሃ ታንኩ ጣሪያ ላይ ይጠራቀማል፣ ላሜራውም ከላይ ወደ ውስጥ ይዝጋል። አያችሁ፣ እዚህም ጥፋቱ ከደኩ ነው የሚጀምረው።

አስቸጋሪው ነገር ታንኮቹ ከሞተሩ ግራና ቀኝ የተቀመጡት ቤቱ ከመሠራቱ በፊት መሆኑ ነው። ለማውጣት ወይ ሞተሩን ማንሳት፣ ወይ ታንኩን እዚያው ቆራርጦ ማውጣት ይጠይቃል። ብዙ ሰው አሮጌውን ቆርጦ በቦታው ሁለት ሦስት ትናንሽ ታንኮች ያስገባል። እናንተ መስታወትና ባትሪ ይዛችሁ የታንኩን ጣሪያ እዩ። የተቀረፈ ዝገት ካለ፣ ከሥሩም የናፍጣ እርጥበት ካለ፣ ዋጋው ላይ ይህ መቆጠር አለበት። ታንኩ በቅርቡ የተቀየረለት ጀልባ ካገኛችሁ ትልቅ ነገር ነው፣ ደረሰኝ ጠይቁ።

ሞተሩ ያረጀ ነው፣ አይተወኝም?

ብዙዎቹ ላይ ያለው ፎርድ ሌማን 120 ነው። 6 ሲሊንደር፣ 6.2 ሊትር፣ 120 የፈረስ ጉልበት ያለው፣ ከፎርድ የሥራ ሞተር ላይ ለጀልባ የተዘጋጀ ናፍጣ ሞተር። ቀላልና ጠንካራ ነው፣ መለዋወጫውም አሁንም ይገኛል። አንድ ሞተር ያለው ጀልባ በ7 ኖት (በሰዓት 13 ኪሎ ሜትር ገደማ) ሲሄድ በሰዓት ወደ 2 ጋሎን ነው የሚጠጣው።

ሌማን 120 ላይ የማይረሳ ነገር አለ። የናፍጣ ፓምፑ ከሞተሩ የተለየ የራሱ ዘይት አለው፣ ይህ ዘይት በየ50 ሰዓቱ ይቀየራል። ሻጩን "የፓምፑን ዘይት መቼ ቀየርክ?" ብላችሁ ጠይቁት። "የቱ ፓምፕ?" ካላችሁ የሞተሩን አያያዝ ነግሯችኋል።

ለሙከራ ስትሄዱ ሞተሩ ቀዝቃዛ መሆን አለበት። በእጃችሁ ንኩት። ቀድሞ ከሞቀ ሌላ ቀን ኑ። ሲነሳ ጭሱን እዩ፦ ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየተቃጠለ ነው፣ ጥቁር ከሆነ ጭነት በዝቶበታል ወይም አየር አንሶታል፣ ነጩ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ካልጠፋ ያልተቃጠለ ናፍጣ ወይም ውሃ ነው። ከዚያ ሙሉ ጋዝ ሰጥታችሁ ጥቂት ደቂቃ ያዙት። ሌማን 120 ወደ 2500 ዙር መድረስ አለበት፣ ሙቀቱም ከፍ ብሎ መቆም አለበት እንጂ እየጨመረ መሄድ የለበትም። የማርሹንም ዘይት እዩ። እንደ ወተት ከነጣ ማቀዝቀዣው ተበስቶ ውሃ ገብቶበታል። የሞተሩም የማርሹም ዘይት ናሙና ላቦራቶሪ ይላክ፣ ክፍያው ከሚነግራችሁ ነገር አንጻር ኢምንት ነው።

ፈጥኖ ይሄዳል ብላችሁ ግን አትጠብቁ። የእነዚህ ቀፎዎች ፍጥነት በርዝመታቸው የተወሰነ ነው። በውሃ መስመር ላይ 36 ጫማ ርዝመት ያለው ጀልባ ጣሪያው 8 ኖት አካባቢ ነው። ሁለት ሞተር ቢኖረውም ከዚያ በላይ ብዙ ጋዝ መስጠት ናፍጣ ማፍሰስ ነው።

የኤሌክትሪክ ሥራው እንዴት ነው የሚገመገመው?

ይህን ጥያቄ በቀላሉ እንዳታልፉት። አብዛኛው የመጀመሪያ ሽቦ ቆርቆሮ ያልተለበጠ መዳብ ነው፣ እርጥበት ሲያገኘው ከውስጥ ይጠቁራል። በዚያ ላይ እያንዳንዱ ባለቤት የራሱን ጨምሯል። የፊውዝ ሰሌዳውን ከጀርባ ክፈቱት። 12 ቮልቱና 120 ቮልቱ ተደባልቆ፣ ምልክት የሌለው ሽቦ ተጠላልፎ ካያችሁ ሙሉ በሙሉ እንደገና ማስዘርጋት ሊኖርባችሁ ነው። መለኪያው ኤቢዋይሲ የሚባለው የአሜሪካ የጀልባና ያት ምክር ቤት ያወጣው ደንብ ነው።

የእሳቱ ነገር አንድ ነው። ሌላው የሰው ሕይወት ነው። ከምድር የሚመጣው 120 ቮልት ከተበላሸ ጀልባ ወደ ውሃ ሊሾልክ ይችላል። ሲያትል ውስጥ ያለውን ሌክ ዩኒየን ሐይቅ በመሰለ ጨው አልባ ውሃ ይህ የከፋ ነው፣ ምክንያቱም የሰው አካል ከውሃው ይልቅ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። የዋናተኛው ጡንቻ ይያዝና ይሰምጣል። ልጆቻችሁን ማሪና ውስጥ እንዲዋኙ በፍጹም አትፍቀዱ፣ የማንም ጀልባ ቢሆን።

ጨው ውሃ ላይ የኖረው ነው ጨው አልባ ውሃ ላይ የኖረው የሚሻለው?

ሰው ጨዉን ይፈራል። ለብረቱ ልክ ነው። ለእንጨቱ ግን ጠላቱ ዝናብ ነው፣ ጨው እንጨት የሚያበሰብሰውን ሻጋታ ያዘገየዋል። ስለዚህ ሲያትል ሐይቅ ላይ የቆመ ጀልባ ከታች ንጹህ፣ ከላይ የበሰበሰ ሊሆን ይችላል። ጣሪያ ያለው ማቆሚያ ውስጥ የኖረ ካገኛችሁ ትንሽ ጨምራችሁም ቢሆን እሱን ውሰዱ።

ከውሃ በታች ያሉት ቫልቮችስ (የውሃ ማስገቢያና ማስወጫ መዝጊያዎቹ)?

በቀይ ክብ እጀታ እየተሽከረከሩ የሚዘጉት የቤት ቧንቧ ዓይነት ቫልቮች ካሉ ይቀየሩ። ብዙዎቹ ናስ ናቸው፣ ውስጣቸው ያለው ዚንክ ተበልቶ ሲያልቅ ብረቱ ሮዝ ይመስላል፣ በእጅ ይሰበራል። ባሕር ውሃ የሚችል የነሐስ ቫልቭ ያስፈልጋል። ስትፈትሹ በኃይል አትጠምዝዟቸው፣ ጀልባው ከውሃ ሲወጣ ሞክሯቸው።

የተሠራበትን ዓመት እንዴት አረጋግጣለሁ?

ከኅዳር 1972 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ ለሽያጭ የቀረበ ጀልባ 12 ፊደልና ቁጥር ያለው መለያ ሊኖረው ይገባል። ከኋላ በቀኝ በኩል ከላይ ተቀርጾ ታገኙታላችሁ። የመጀመሪያዎቹ 3 ፊደላት ሠሪውን ወይም አስመጪውን ይናገራሉ፣ መጨረሻው ጊዜውን። ከወረቀቱ ጋር አስተያዩት።

መርማሪ መቅጠር ግድ ነው?

ግድ ነው። ኢንሹራንሱም ለአሮጌ ጀልባ ይጠይቃችኋል። ሳምስ ወይም ናምስ ከሚባሉት የመርማሪዎች ማኅበራት አባል ፈልጉ። ደላላው "እኔ አንድ ሰው አውቃለሁ" ቢላችሁ አመስግናችሁ ራሳችሁ ፈልጉ፣ መርማሪው የሚሠራው ለእናንተ ብቻ መሆን አለበት። የጀልባ መርማሪ ብዙውን ጊዜ ሞተሩን ውስጥ ድረስ አያይም፣ ለሱ መካኒክ ለብቻ ያዙ። ዋጋ ስትሰጡም ምርመራው፣ ከውሃ ማውጣቱና የባሕር ሙከራው ካላስደሰታችሁ ቀብዱ እንደሚመለስ በጽሑፍ ይሁን። ምርመራው ቀን አብራችሁ ዋሉ። ሪፖርቱ ላይ የማይጻፍ ብዙ ነገር በአፍ ይነገራል።

ሰው እየጫንኩ ሥራ ልሠራበት እችላለሁ?

ይህን የኛ ሰዎች ደጋግመው ይጠይቃሉ፣ መልሱም ከመግዛት በፊት መታወቅ አለበት። በአሜሪካ ሕግ ውጭ አገር የተሠራ ጀልባ በአገር ውስጥ ወደቦች መካከል ከፋይ መንገደኛ መጫን አይችልም። ማራድ የሚባለው የፌዴራል የባሕር ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ለትናንሽ ጀልባዎች እስከ 12 መንገደኛ ድረስ ልዩ ፈቃድ ይሰጣል፣ ግን ማመልከትና መጠበቅ አለ። በዚያ ላይ ነጂው የኮስት ጋርድ (የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ) መንጃ ፈቃድ ያስፈልገዋል፣ ከ6 ከፋይ በላይ ለመጫን ደግሞ ጀልባው ራሱ በኮስት ጋርድ ተፈትሾ መመዝገብ አለበት። ድሮ የታይዋን ትሮውለር ይህን ፍተሻ እንዲያልፍ ማድረግ ከባድ ነው። ለቤተሰብ ከሆነ ግዙት፣ ለቢዝነስ ከሆነ መጀመሪያ ወረቀቱን ጨርሱ።

ሻጩ "ቲኩ ተነስቶ ደኩ በፋይበርግላስ ተሸፍኗል" ካለኝስ?

ጥሩ ዜና ሊሆን ይችላል። ቲክ የሌለው ደክ ለእንክብካቤ የተሻለ ነው፣ ብዙ ባለቤቶችም ያደረጉት ይህንኑ ነው። ጥያቄው ከማልበሳቸው በፊት ውስጡን አድርቀዋል ወይ፣ የበሰበሰውን አውጥተዋል ወይ የሚለው ነው። ቲኩን አንስቶ፣ የቪቴ ቀዳዳዎቹን ደፍኖ፣ ቀለም ቀብቶ መሸጥ በጣም የተለመደ ነው፣ እንደዚያ ከሆነ ብስባሱ ከአዲሱ ቀለም ሥር እንዳለ ነው። የሥራውን ፎቶ ጠይቁ። በትክክል የሠራ ሰው ፎቶ አለው፣ ለማሳየትም ደስ ይለዋል። ፎቶ ከሌለ መርማሪው ደኩን ጥግ በጥግ እንዲመታው አድርጉ፣ የደኩ ዙሪያ መደገፊያ አጥር እግሮችና የገመድ ማሠሪያ ብረቶቹ ሥር ደግሞ ሁለቴ።